ግራም መኪናውን ሲያለብስ

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ «ግራም» ይሉታል። ስሙን ያገኘው ገና ወጣት የሚዛን ተቆጣጣሪ ሳለ ነው። የአንድ ሥጋ ሻጭ ሚዛን በኪሎ ሦስት ግራም እንደሚያጎድል ደረሰበት። ሰውዬው «ሦስት ግራም እኮ የዝንብ ክንፍ ማለት ናት» ቢለው፣ «እንግዲያው ዝንቧን ጨምርላቸው» አለና ሚዛኑን አሸገው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ሚዛን ሲፈትሽ ኖሯል፤ የሱቅ፣ የወርቅ ቤት፣ የክሊኒክ የሕፃናት ሚዛን፣ ከዚያም አልፎ የጭነት መኪና ከነጭነቱ የሚወጣበትን፣ መሬት ላይ የተዘረጋውን ትልቁን ሚዛን። የናስ የሚዛን ድንጋዮቹን ቀይ ከፈይ በተነጠፈበት የእንጨት ሣጥን ይዞ ይዞራል። በባዶ እጁ አይነካቸውም፤ የጣት ወዝም ክብደት አለው ባይ ነው። እቤትም ያው ነው። ሚስቱ ነርስ ናት፤ «እኔ የበሽተኛ መድኃኒት ስለካ፣ እሱ የሾርባ ጨው ሲለካ የሚጨነቀውን ያህል አልጨነቅም» እያለች ለጓደኞቿ ታወራለች።

እንዲህ ያለው ሰው ግማሽ ዕድሜውን በአውቶቡስ ከተጋፋ በኋላ፣ በሃምሳ አንድ ዓመቱ መኪና ልግዛ ብሎ ተነሣ። ለመምረጥ ብቻ ስምንት ወር ፈጀበት። በመጨረሻ ልቡን የሰረቀችው ሃይብሪድ ናት። በቤንዚንም በባትሪም ትሄዳለች መባሉ ብዙም አልገረመውም፤ ያሸነፈው ሌላ ነገር ነው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር በከንቱ የሚባክነውን ጉልበት ለቅማ ባትሪዋ ውስጥ መልሳ ታስቀምጣለች አሉት። ምንም የማይጣልባት መኪና! ሚስቱን «ይቺ እኮ መኪና አይደለችም፣ ጠባይ ናት» አላት።

ሰባት ዓመት ያገለገለች ግራጫ መኪና ገዛ። ዳሽቦርዷ ላይ በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደጠጣች የምትናገር ትንሽ መስኮት አለቻት። በመጀመሪያው ወር መስኮቷ «4.2» አለች። ሌላው አባወራ ራት ላይ የዓለምን ዜና ሲያወራ ግራም ይቺን ቁጥር ያወራል። ቁጥሯ ከፍ እንዳትል ብሎ ቀይ መብራቱን ከሁለት መቶ ሜትር አይቶ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሣል፣ መኪናዋም እንደ ደከመች ጀልባ ትንሳፈፋለች። ከኋላው ያለው ሁሉ ክላክሱን ሲያስጮህበት «ይቸኩላሉ፣ የሚደርሱት ግን ያው መብራቱ ላይ ነው» ይላል ረጋ ብሎ።

ነገሩ የተበላሸው በምንጣፍ ነው።

ከሥራ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የመኪና ዕቃ ሱቅ አለ። የሱቁን ባለቤት ሰፈሩ የሚጠራው «ይሄማ ግድ ነው» እያለ ነው፤ ሰው የጠቆመውን ዕቃ ሁሉ «ይሄማ ግድ ነው» ብሎ ስለሚሸጥ። ግራም ጌጥ የሚባል ነገር አይወድም። ቀለበቱን እንኳ ያደረገው ለሠርጉ ቀን ብቻ ነው። ባለ ሱቁ ግን ሰው ማንበብ ያውቅበታል። ግራም ተራ ምንጣፍ ፈልጎ በገባ ቀን ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አየውና «ለጌጥ ከሆነ እኔ ጋ የለም» አለው። «እኔ የምሸጠው ጥንቃቄ ነው።»

ግራም ቆም አለ። ጥንቃቄ ሲባል ጆሮው ይቆማል።

«እንዴት ያለ ጥንቃቄ?»

«ይኸው፣ ወፍራም ጎማ ምንጣፍ። በእግርዎ የገባ ጭቃ ወለሉን ያበሰብሰዋል። ወለሉ ከበሰበሰ መኪናዋ ምን ቀራት? ይሄማ ግድ ነው።»

ምንጣፉን ገዛ። በሳምንቱ፣ ምንጣፉ ራሱ እንዳይቆሽሽ ከላዩ የሚነጠፍ ሌላ ምንጣፍ ገዛ። ከዚያ ወዲህ በሩ ተከፈተ። ወንበሮቹ እንዳይጎዱ ረጅም ጠጉር ያለው የወንበር ልብስ፤ ጠጉሩ እንዳይቆሽሽ ደግሞ ከላዩ ላስቲክ። ከፊት የሚመጣ ነገር ካለ ብሎ ክንድ የሚያክል የመከላከያ ብረት። ድንገት ፍራሽ ቢገዙስ ተብሎ ፖርቶ መጋላ የሚሉት የዕቃ መጫኛ ብረት ጣሪያዋ ላይ ወጣ፤ ቤተሰቡ ፍራሽ ከገዛ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ትርፍ ጎማው ቢፈነዳስ ተብሎ ሁለተኛ ስኮርታ ከኋላ ገባ፤ ከጎኑም በመፍቻ ቁልፍ የተሞላ የብረት ሣጥን። ግራም ኮፈኑን የከፈተባት አንድ ቀን ነው፤ እሱንም መዝጋት አቅቶት ጎረቤት ጠርቷል። የእሳት ማጥፊያው እሳት ቢይዘውስ ብሎ ሁለተኛ ማጥፊያ ጨመረ። ከቤት ወደ ቢሮ ካለው ከአንዱ መንገድ ብዙም የማይወጣው ሰው መሪው ፊት ለፊት ሰሜንና ደቡብ የሚያሳይ ኮምፓስ ለጠፈ። መሪውንም ቆዳ አለበሰው፤ ቆዳው ከመወፈሩ የተነሣ ጣቶቹ ዞረው አይገናኙም።

አንድ ቅዳሜ ሚስቱ ግቢ ውስጥ ቆማ መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻት።

«ይቺ ልጅ ወዴት ልትዘምት ነው?» አለችው።

«ጥንቃቄ ነው» አላት።

«ከምን?»

«ከሚመጣው ነገር።»

«ምን ሊመጣ ነው? አንተ እንደሆንክ በሃያ ነው የምትነዳው። የሚመጣው ነገር ቢመጣም ቀድሞህ ያልፋል።»

ከእነሱ ጋር የሚኖሩ የሚስቱ እናት አሉ። ደልደል ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍርድ ቤት በታይፕ ጸሐፊነት አገልግለዋል። ሰኞና ሐሙስ ለጉልበታቸው ሕክምና ይሄዳሉ። ግራም ያደርሳቸዋል፤ እሳቸውም እግራቸውን ለመዘርጋት እንዲመቻቸው ከኋላ በስተቀኝ ይቀመጣሉ። ጫማቸውን በር ላይ እንዲያራግፉ ይጠየቃሉ፤ ላስቲኩ ላይ ሲቀመጡም ይንኮሻኮሻል። አንድ ሐሙስ እንዲህ አሉ፤

«አንተ፣ እዚህ ዳሌዬ ሥር አንድ ነገር ያለከልካል።»

«ምን ሊያለከልክ ይችላል እማማ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሮጦ የመጣ ውሻ ይመስላል።»

«ሃይብሪድ እኮ ድምፅ የላትም» አላቸው፤ ሙዚቃውንም ትንሽ ከፍ አደረገው።

በዚህ ሁሉ መሀል የዳሽቦርዷ ቁጥር ዝም አላለችም። 4.2 የነበረችው 4.6 ሆነች፤ ፖርቶ መጋላው በወጣ ሳምንት 5.1፤ ከዚያ 5.8። ግራም ተጨነቀ። መጀመሪያ ቤንዚኑን ጠረጠረና ሦስት ማደያ ቀያየረ። ቀጥሎ ነፋሱን ጠረጠረ። ጎማዎቹን በየጠዋቱ እየሰፈረ ነፋ። ያለበሳት ልብስ ግን አንድም ጊዜ በሐሳቡ አልመጣም። ጥንቃቄ እንዴት ይከብዳል? በመጨረሻ አንድ ሰኞ፣ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ፣ ዓይኑ ስፖኪዮው ውስጥ ገባና አማቱ ላይ አረፈ። እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። እሱ እሳቸውን ያያል። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እንኳ ማየቱን አልተወም።

በማግሥቱ ከሥራ ሲመለስ ከቢሮ የተዋሰውን የሰው ሚዛን ተሸክሞ ገባና ሳሎን መሀል አስቀመጠው። አማቱ ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ለጤና ነው እማማ። ቤተሰቡ ይመዘን ብዬ ነው።»

«ቤተሰቡ ማለት ማን ማን ነው?»

«ያው . . . እኔ፣ እርስዎ . . .»

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «እኔስ?»

«አንቺማ በሳምንት ሁለቴ ከኋላ አትቀመጪም» አለ። ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው።

አማቱ መነጽራቸውን አወለቁና በነጠላቸው ጫፍ ቀስ ብለው ወለወሉት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የተከሳሽ ቃል ስጽፍ ኖሬያለሁ» አሉ ለልጃቸው። «ስንቱ ሲክድ፣ ስንቱ ሲምል ሰምቻለሁ። ይሄ ባልሽ ግን ሳይጠየቅ አመነ።»

ከሐሙስ ጀምሮ በታክሲ መሄድ ጀመሩ። ግራም ደነገጠ፣ አፈረ፣ ይቅርታ ሊጠይቅም አሰበ። ሆኖም መጀመሪያ ቁጥሯን ማየት ፈለገ። አየ። አማቱ ከወረዱ በሁለተኛው ሳምንት መስኮቷ 5.9 አለች።

በዚያው ሳምንት የዱቄት ፋብሪካውን ትልቁን ሚዛን የመፈተሽ ተራው ደረሰ። የስንዴ መኪናዎች ሲገቡም ሲወጡም እዚያ ላይ ይመዘናሉ። ሚዛኑን የሚጠብቁት ስልሳ የተጠጉ ቀጭን ሰውዬ ናቸው። አሥራ ስምንት ዓመት በየጠዋቱ ብረቱን በገዛ እጃቸው ሲጠርጉ ኖረዋል፤ ጠጠር ከተገኘበት የሚቆጡት ራሳቸውን ነው። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ጋራዥ ስለነበረች ግራም በራሱ ሃይብሪድ ሄደ። ትልልቆቹን የመፈተሻ ድንጋዮች የሚያመጣው የጭነት መኪና ገና መንገድ ላይ ነበር። እስኪመጣ ሥራ ፈትቶ ከመቆም ብሎ መኪናውን ሚዛኑ ላይ አወጣት። መቼም የትም የማይገኝ ዕድል ነው።

ባለ ሚዛኑ ከመስኮታቸው አነበቡለት፤ «ሺህ አምስት መቶ አርባ።»

ግራም በልቡ ደመረ። ሊብሬዋ ላይ የተጻፈው ሺህ ሦስት መቶ አሥር ነው። እሱ ስልሳ ስምንት ኪሎ ነው፤ ከሠርጉ ጀምሮ አልተለወጠም። ሲደመር ሺህ ሦስት መቶ ሰባ ስምንት። መቶ ስልሳ ኪሎ ከየት መጣ? አማቱ እንደሆኑ ታክሲ ውስጥ ናቸው።

ወረደና ከሌላው ጫፍ ወጣ። ሺህ አምስት መቶ አርባ። ለሦስተኛ ጊዜ ወጣ። ያው ነው።

«ጋሼ፣ ሚዛንዎ ተሳስቷል» አላቸው።

«ሊሆን ይችላል ጌታዬ» አሉ ባለ ሚዛኑ በትሕትና። «ድንጋዮቹ ሲመጡ እናያለን።»

«ድንጋይ አያስፈልግም። የመኪናዬን ክብደት አውቀዋለሁ።»

«ያለ ድንጋይ ይፈተሻል እንዴ?»

«ዛሬ ድንጋዩ መኪናዬ ናት።»

ሰውዬው መኪናዋን አዩ። የፊት ብረቷን፣ ጣሪያዋን፣ በኋላ መስታወት በኩል የሚታየውን የዕቃ ክምር አዩ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት፤ ተቆጣጣሪ ነዋ። ግራም ቅጹ ላይ «ትክክል ያልሆነ» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ሚዛኑን አሸገ። ከዚያ ስልኩን አወጣና የድንጋዩን መኪና ሾፌር «አትምጣ፣ እዚህ ጨርሰናል» አለው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም። ከበር ሲወጣ ስንዴ የጫኑ አራት መኪናዎች ተሰልፈው ነበር።

ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ዳሽቦርዷ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን በራ። መኪናዋ አቅሟ ከዳት፤ ነዳጁን ቢረግጥ ዳገት እንደያዘ በሬ ቀስ አለች። እየተንፏቀቀ ሃይብሪድ የሚጠግን ጋራዥ ደረሰ። መካኒኳ ሠላሳ ዓመት እንኳ የማይሞላት፣ እስከ ክርኗ የሚደርስ የጎማ ጓንት ያደረገች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ኮምፒውተሯን ከመኪናዋ ጋር አገናኘች፤ አነበበች።

«ባትሪዋ ግላለች» አለች። ሄዳም የኋላውን በር ከፈተች። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ማነው የሚቀመጠው?»

«አማቴ ነበሩ።»

«ነፍስ ይማር።»

«አይ፣ አሉ። አኩርፈው ነው።»

መካኒኳ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ተቀምጠው ሳሉ ምንም ነገር አላሉም?»

ግራም ጉሮሮውን ጠረገ። «ዳሌዬ ሥር አንድ ነገር ያለከልካል ብለው ነበር።»

«እና ምን አሏቸው?»

«ሙዚቃ ከፍ አደረግሁ።»

«እሳቸው ናቸው መካኒክ» አለች። ላስቲኩን ገለጠች፣ ጠጉራሙን የወንበር ልብስ ወደ ላይ ሰበሰበች። ከኋላው ወንበር ጎን መዳፍ የማታክል ወንፊት ነገር ታየች። «ባትሪዋ የምትተነፍሰው በዚህች ነው። ውስጧ አየር የሚስብ ማራገቢያ አለ። እርስዎ አፍንጫዋን በላስቲክ ደፈኑት፣ ከላስቲኩ ሥር በተረፈችው ቀዳዳ ደግሞ ጠጉሩ ገባ። ማራገቢያው አየር ፍለጋ ሲታገል ነው የሰሙት።» ጣቷን ሰደደችና የሞተች አይጥ የምታክል የጠጉር ድብልብል ጎትታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ደግነቱ ሳትቃጠል ደርሰዋል፤ ከጸዳች ትድናለች። ግን ይሄ ሁሉ ብረት ምንድነው?»

«ጥንቃቄ . . .» ብሎ ጀመረና ተወው።

መካኒኳ ማራገቢያውን ስታጸዳ እሱ ኮቱን አውልቆ ዕቃውን አንድ በአንድ ማውረድ ያዘ። ጋራዡ ጥግ ቁርጥራጭ ብረት የሚመዝኑበት የወለል ሚዛን ነበር። ሚዛን አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልበትም፤ ፖርቶ መጋላውን ጫነበት። ከዚያ የፊት ብረቱን፣ ስኮርታውን፣ የቁልፍ ሣጥኑን፣ ማጥፊያዎቹን፣ ድርብርቡን ምንጣፍ። የጠጉሩ ልብስ እንኳ ብቻውን አሥራ አንድ ኪሎ ወጣው። ሲጨርስ መቶ ሃምሳ ስምንት ሆነ። ሁለተኛ ስኮርታው ላይ ቁጭ አለ።

«ልክ ነበር» አለ።

«ምኑ?» አለች መካኒኳ ከውስጥ።

«ሚዛኑ።»

በቀትር ፀሐይ ወደ ፋብሪካው ሲመለስ አራት የነበሩት መኪናዎች አሥራ ስምንት ሆነው ሰልፉ ከበሩ አልፎ አስፋልቱ ላይ ወጥቷል። ሾፌሮቹ ጥላ ፍለጋ ከመኪና ሥር ተጋድመዋል፤ የፋብሪካው ሠራተኞች የሚፈጭ ስንዴ አጥተው አጥሩ ላይ ተደርድረዋል። ባለ ሚዛኑ በሩ ላይ ባለች ወንበር ተቀምጠው የታሸገውን ሚዛን እንደ በሽተኛ ያስታምማሉ። ጠዋት ከተያዩ ወዲህ አርጅተዋል።

ግራም ጉሮሮውን አጸዳ። «በድጋሚ በተደረገው ማጣራት መሠረት . . .»

«ማነው ያጣራው?» አሉ ባለ ሚዛኑ ከወንበራቸው ሳይነሡ።

የሾፌሮቹ ጭንቅላት ከየመኪናው ሥር ብቅ ብቅ አለ። ግራም የያዘውን ወረቀት አየ፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው።

«ጋሼ፣ ሚዛንዎ ልክ ነው» አለ። «የወፈረችው መኪናዬ ናት። መቶ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ጌጥ ጭኜባት ነው። ድንጋይ ሳላስቀምጥ ማሸጌ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ከሰልፉ ፊት ያለው ሾፌር ነው፤ ሰልፉም እስከ አስፋልቱ ድረስ ሳቁን ተቀባበለው። ባለ ሚዛኑ አልሳቁም። ተነሥተው «እስቲ ትውጣ» አሉ። ወጣች። «ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ» ብለው አነበቡ፤ ድምፃቸው ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ የጠፋው ነገር ተመለሰ። ግራም እሽጉን በገዛ እጁ ቆረጠው። የድንጋዩንም መኪና መልሶ ጠርቶ እንደ ደንቡ ፈተሸ፤ ስህተት የሚባል አልተገኘም።

ማታውኑ የራሱን ጥፋት የሚገልጽ ደብዳቤ ለአለቃው ጻፈ። አለቃው ራሱን የሚከስ ሠራተኛ ገጥሞት ስለማያውቅ ደብዳቤውን የትኛው ፋይል ውስጥ እንደሚያስገባው ሳያውቅ ሦስት ቀን ጠረጴዛው ላይ አቆየው። በመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የአንድ ወር የቢሮ ሥራ ሰጠው። ባልደረቦቹ ግን ከአለቃው ይበልጥ ቀጡት፤ ስሙን ከ«ግራም» ወደ «ኩንታል» አሳደጉለት።

ከአማቱ ጋር የነበረው ነገር ይበልጥ ከበደው። ሳሎን ገብቶ ፊታቸው ቆመ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልክ ነበሩ።»

«ስለየቱ ነው የምትለው? ስለሚያለከልከው ወይስ ስለ ሚዛኑ?»

«ስለ ሁለቱም።»

«ለያይተህ ተናገር። እንዲህ የተደባለቀ ቃል አይጻፍም።»

ለያይቶ ተናገረ። እሳቸውም እስከ መጨረሻው አዳመጡት፣ ሁለት ቦታ ላይ አስደገሙት፣ ከዚያ «በል ሰኞ በሦስት ሰዓት እወጣለሁ» አሉት።

ሰኞ ዕለት ከፊት አስቀመጣቸው፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ጉልበታቸው እንዲዘረጋ አደረገ። ጫማቸውን እንዲያራግፉ አልጠየቃቸውም። መንገድ ላይ ስለ ጎረቤቶቻቸው ትንሽ አወሩለት፣ ስለ አዲሷ የሕክምና ባለሙያ እጅ ቅዝቃዜ አማረሩ፣ ከዚያ ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ አንገታቸው ዘንበል አለ። ክሊኒኩ በር ላይ ሲደርሱ ጥሩ እንቅልፍ ይዟቸው ነበር። ግራም ሊቀሰቅሳቸው እጁን ዘረጋና መለሰው። ማቀዝቀዣው እንዳይጠፋባቸው መኪናዋን ሳያጠፋ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ነቁ፤ ክሊኒኩን አዩ፣ እሱን አዩ።

«ምነው ሳትቀሰቅሰኝ?»

«ጊዜ አለን እማማ» አላቸው።

አልነበራቸውም። ተራቸው አልፎ ነበር፤ ሌላ ተራ ይዘው እስኪገቡም አብሯቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቆየ።